ጋውሱን ወደ ቴስላ ትቀይርልኝ ለነበርከው

ኤርሱሞዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና ነህ ብዬ ማመን ይሻለኛል። ከተለያየን ዓመት ሞልቶ አለፈ፤ ያለ አንተ ሁለተኛው በልግ ይኸው ገባ። ሆሳዕና እንደምታውቃት ናት። ትናንት ከገበያ ስመለስ ጭቃው አንድ ጫማዬን ነጥቆ አስቀረብኝና በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ቆምኩ። ብታየኝ በሳቅ ትሞት ነበር። ይኸው፣ አፌ አሁንም አያርፍም።

ቤታችን ደህና ነው። እናትህ ከጃጁራ መጥተው አብረውን ናቸው። ከልጃችን ጋር በሀዲይኛ ሲያወሩ እኔ እንደ እንግዳ መሃላቸው ተቀምጬ እስቃለሁ። ልጅህ ታስተረጉምልኛለች፤ ከዚያ ዞር ብላ አነጋገሬን አስመስላ ለአያቷ ታሳያቸዋለች። የባለሱቅ ልጅ፣ አገሩን ሁሉ ስትሸጥለት አድጋ ቋንቋውን ሳትገዛ ቀረች እያልክ ታሾፍብኝ የነበረውን ወርሳለች። ጓሮ የተከልከው እንሰት የወጥ ቤቱን መስኮት ጋርዶታል፤ ልቁረጠው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ኮትህን ለወንድምህ ሰጠሁት። ከኋላው ሳየው ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ቢሆንም ይልበሰው፣ ብርድ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ጭንቅ ይዞኝ ነው። አንተን የተካው የፊዚክስ መምህር ባለፈው ወር ተዛውሮ ሄደ፤ ምትክ አልመጣም። ዳይሬክተሩ አስጠርተውኝ፣ አንቺ የሒሳብ መምህርት ነሽ፣ ከፊዚክስ መምህርም ጋር ይህን ያህል ዓመት ኖረሻል፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስከ ፈተናው ያዥልን አሉኝ። ፊዚክስ አብረውት ሲኖሩ የሚጋባ ይመስል! ለጊዜው እየገባሁ ልሞክረው፣ ሰኞ ደግሞ ቁርጡን ልነግራቸው ተስማማን። ሰኞ ነገ ነው። እምቢ ካልኩ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ሊፈተኑ ነው። የወደቁትን ወንዶች ወደ ጦር ግንባር እንደሚወስዷቸው ታውቃለህ። የአንደኛው እናት ከዶዮገና ድረስ መጥታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝና እጄን ይዛ አለቀሰች። እሺ ብዬ ባበላሽባቸውስ? እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

የደረሱት ደግሞ መግነጢስ ላይ ነው፣ ያንተው ምዕራፍ። መጻሕፍቱ እንደተውካቸው ናቸው። አሮጌዎቹ የመግነጢስን ጉልበት በጋውስ ይለካሉ፣ አዲሱ በቴስላ፤ አዲሱ ደግሞ ለክፍሉ አይበቃም። ልጆቹ ጥያቄውን ከአንዱ፣ መልሱን ከሌላው እያነበቡ ይደናበራሉ። አንድ ቴስላ አሥር ሺህ ጋውስ ነው ብሎ በቃሉ የሚወጣው እንኳ ላባዛ ወይስ ላካፍል እያለ ያፈጥብኛል። አንተ ይኼኔ ገበያ ትወስዳቸው ነበር። ልጆች፣ የዶዮገናዋ አክስቴ ገብሷን በትልቁ ጣሳ ትሰፍራለች፣ የሆሳዕና ነጋዴ በትንሹ፤ ቁጥሩ ስለበዛ ገብሱ የበዛ እንዳይመስላችሁ፣ መጀመሪያ በምን ተሰፈረ ብላችሁ ጠይቁ ትላቸው ነበር። አባቴ ይህን ሰምቶ ነጋዴን ሰደበ ብሎ ሳምንት ሙሉ እንዳኮረፈህ ትዝ ይልሃል?

የንብረት ኮሚቴው ነገርማ እንዴት ይረሳል! በእርዳታ የመጣው አዲሱ ማግኔት ላይ ዜሮ ነጥብ ሦስት ቴስላ፣ አሮጌው ላይ ሦስት ሺህ ጋውስ ተጽፏል። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ጉልበቱ አንድ እንኳ ያልሞላ ማግኔት ምን ይሠራልናል፣ አዲሱ ይወገድ ብሎ ወሰነ። ሊቀመንበሩ ስለ ሕዝብ ንብረት ረዥም ንግግር ሲያደርጉ አንተ ዝም ብለህ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ካለው የሚስማር ክምር ውስጥ ነከርካቸው። እኩል ይዘው ወጡ። ሊቀመንበሩ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አዩና፣ ታዲያ ለምን አስቀድመህ አልነገርከንም ብለው ተቆጡ፤ አንተም ንግግሩ ጥሩ ስለነበር ላቋርጠው አልፈለግሁም አልካቸው። ወይ አንተ! ያን ቀን ታስሮ ያድራል ብዬ ነፍሴ ወጥታ ነበር። እሳቸው ግን ሳቁ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ።

ባለፈው ሐሙስ ትምህርቱን ደህና እያስኬድኩት ሳለ አንዲት ልጅ አሜሪካኖቹ አስተማሪዎች ድሮ ትተውት ከሄዱት አሮጌ መጽሐፍ ጥያቄ አነሳች። ጋውስም አይል፣ ቴስላም አይል፤ ስልሳ አራት ሺህ አምስት መቶ መስመር በካሬ ኢንች ይላል። ይህ ደግሞ ከየት መጣ! ግራ ገባኝ። ቆዩ፣ ኤርሱሞን ጠይቄው ልምጣ አልኳቸው። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። እንዲያ ብዬ ስንቴ ወጥቼ አውቃለሁ! ያንተ ክፍል ከእኔው ቀጥሎ ነው፤ አንገቴን ብቅ አደርግና አንተም ከሰሌዳው ሳትዞር መልሱን ትነግረኝ ነበር። በርህ ጋ ደርሼ እጀታውን ያዝኩት። ተቆልፏል። የባነንኩት ያኔ ነው። የቀብርህ ቀን እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም። ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ አለቀስኩ።

ስመለስ የሚስቅብኝ አይጠፋም ብዬ ነበር። አንድም የሳቀ የለም። ያቀረቀሩ ነበሩ፣ ዓይናቸውን የሚጠርጉ ነበሩ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንተ ያስተማርካቸው ናቸው እኮ። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩና እንደ ሒሳብ አሰብኩት። ጋውስ ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ አንድ መስመር ነው። አንድ ካሬ ኢንች ደግሞ ስድስት ነጥብ አራት አምስት ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አካፈልኩት። አሥር ሺህ ጋውስ ወጣ። ቀጣዩን መስመር ሳልጽፍ ልጆቹ ከኋላዬ በአንድ ድምፅ አንድ ቴስላ! አሉ።

ነገ ዳይሬክተሩን እሺ እላቸዋለሁ። የማላውቀውን ከልጆቹ ጋር እያነበብኩ እስከ ፈተናው አደርሳቸዋለሁ። ቦታህን የያዝኩ፣ አንተንም የረሳሁ እንዳይመስልህ፤ አልረሳህም። ሲያቅተኝ ጠመኔዬን ይዤ እወጣለሁ፣ ልጆቹም ልማዷ ነው ይበሉ። በርህ ድረስ እመጣለሁ፣ እጀታውን እነካለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ እሠራዋለሁ።

ያንተው ዘነቡ