ስሜን ከፕሮግራሜ አስፍቀው ግዝት ስለፈሩት ሥራ አስኪያጅ

ሰኔ 11 ቀን 2005 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለጮቄ ግርጌ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አመራር ቦርድ
ለተከበሩ ሰብሳቢ ወ/ሮ አሰገደች ወልደ ሰንበት

ጉዳዩ፦ ያለ አግባብ የተጣለብኝ እገዳ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

አመልካች አንሙት ኪዳነ ማርያም፣ የዩኒየኑ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ ከሥራና ከደመወዝ ታግጄ ቤቴ ከተቀመጥኩበት ይህን አቤቱታ ለእርስዎ አቀርባለሁ።

1. አዲስ አበባ ከአሥር ዓመት በላይ ፕሮግራም ስጽፍ ኖሬ ነው ወደ አገሬ የተመለስኩት። ዩኒየኑ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያከፋፍልበትን ፕሮግራም እዚህ ከመቀጠሬ በፊት በራሴ ጊዜ ሠርቼ፣ ኮዱን በኢንተርኔት ለማንም በነጻ ክፍት አድርጌዋለሁ። የወደደ ይወስዳል፣ ስሕተት ያገኘ ያርማል። የኬንያ ቡና አምራቾች ሳይቀሩ ይሠሩበታል፤ ያረሙትንም ይልኩልኛል። የምጠይቀው የሠሪው ስም እንዳይፋቅ ብቻ ነው። ይህም በኮዱ ራስጌ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር።

2. ሥራ አስኪያጁ አቶ እንዳላማው አምሳሉ ከዩኒየኑ ውጭ ባመጡት ሰው ስሜን አስፍቀው የራሳቸውን አስጻፉ። ባሕር ዳር በተደረገ ስብሰባም «እኔ የሠራሁት» ብለው ተሸለሙበት። እኚህ ሰው ኮምፒዩተራቸውን እንኳ የሚያስከፍቱት በጸሐፊያቸው ነው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኸው ነው። ተናድጃለሁ፤ ንዴቴም አልበረደም።

3. እንግሊዝኛውን የሚፈራ ስላልተገኘ፣ ስሜን መለስኩና ከሥሩ አባቴ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ዲማ ገዳም ተቀምጠው በገለበጡት ዳዊት ሁሉ መጨረሻ የሚጽፉትን ጻፍኩ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይኩን።» የሰረቀው፣ የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው።

4. አቶ እንዳላማው ይህን እንድትፍቅ የሥራ ባልደረባዬን ወ/ት ሕሊናን አዘዟት። እሷም አንብባ አማተበችና «ጌታዬ፣ ግዝት በእጄ አልነካም፤ ከፈለጉ እርስዎ ይፋቁት» ብላ ወጣች። እሳቸው ግን አልደፈሩም። ቄስ ጠርተው ጸበል አስረጩ፤ ጸበሉም ኪቦርዱን አበላሸው። ቄሱ «ኧረ ለመሆኑ ምን ነክተው ነው?» ቢሏቸው የኮምፒዩተር ክፍሉን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ አልተከፈተም። ሰኔ ነው፤ የአማኑኤልና የሉማሜ ገበሬዎች «ድርሻችሁ ከኮምፒዩተሩ አልወጣም» እየተባሉ ባዶ ጋሪ ይዘው ይመለሳሉ። ጥፋቱ ግን በእኔ ተለጥፎ «ሠራተኛን በሃይማኖት በማስፈራራት» ታገድኩ። ግዝቱን ፈትቼ ስሜን ራሴ ከፋቅኩ እንደምመለስ፣ አለዚያ እንደምሰናበት በሽማግሌ አስነግረውኛል።

5. ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ሥራ ነው። ቢሆንም ስሜን በገዛ እጄ አልፍቅም። ስለዚህ እገዳው ተነሥቶ ገበሬው ማዳበሪያውን እንዲያገኝ የክፍሉ ቁልፍ ዛሬውኑ እንዲመለስልኝ፣ ሽልማቱ በማን ሥራ እንደተገኘም ለሰጪዎቹ በጽሑፍ እንዲገለጽ እጠይቃለሁ።

በመጨረሻ ቦርዱ አንድ ነገር ያጢንልኝ። እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ዲቁናም የለኝም። የመገዘትም ሆነ የመፍታት ሥልጣን የለኝም። አቶ እንዳላማው የቄስ ልጅ ናቸውና ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ጽሑፉም የሚለው የሰረቀና የፋቀ ነው። ታዲያ ያልሰረቀን ሰው ጸበል ምን አስረጨው?

ለእርስዎ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤ ለሥራ አስኪያጁ ግን ሰላምታ አልላክሁም።

አንሙት ኪዳነ ማርያም
(ፊርማ)