ሰባተኛውን ግዳጅ የከፈትንበት ሳምንት

እሑድ

ስምንቱም ጨርሰውታል። አንዳቸውም ግን ደግመው አልጀመሩትም።

የሞካሪዎቹን ውጤት ያነበብኩት ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ቆሜ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠፈር ጌማችንን ሲጫወቱ ከረሙ። መርከቦቹን ወደዋቸዋል፣ ድምፁንም ወደውታል። "ጥሩ ነው፣ ጨረስኩት" ብለው ጻፉ። ጨረስኩት! እኔ የምፈልገው ጨርሶ ወዲያው እንደገና የሚጀምር ሰው ነው።

ዘመቻው አሥራ ሁለት ግዳጅ አለው። አንዱ አንዱን ተከትሎ ይመጣል፣ እንደ አውቶቡስ ፌርማታ። ዘመቻውን የማዋቅረው እኔ ነኝ፣ ታሪኩን የሚጽፈው ኖአም። ቢሯችን ሃዒር ሃዓቲቃ በሚሉት አሮጌው ሰፈር ውስጥ፣ ከቁልፍ ቀራጩ ሱቅ በላይ ያለችው አንዲት ክፍል ናት። ሐሙስ ከአንድ አሳታሚ ድርጅት የምትመጣ ሴት ታየዋለች። በስልክ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንዴ ተጫውተው የሚጥሉት ጌም ሰልችቷታል።

ይሄንን በአማርኛ የምጽፈው ኖአም በትከሻዬ በኩል የማንበብ አመል ስላለው ነው።

ሌላው ጉዳይ አባባ ናቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። የእሳቸው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። የእኔ ደረጃ ስለሌለው እስኪሻላቸው እኔ ጋ ናቸው። እስከ ማክሰኞ ከቤት ነው የምሠራው።

እስከ ሐሙስ፦ የሦስተኛው ግዳጅ ድምፅ ይስተካከል። የመግቢያው ጽሑፍ ይጠር። ሰው ለምን ደግሞ እንደማይጀምር ይታወቅ።

ሰኞ

አባባ ቴሌቪዥን ሰለቻቸው። "አንቺ ቀኑን ሙሉ እዚያ የምትነካኪው ምንድን ነው?" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም እንዲሉልኝ ብዬ ነው ሁለተኛውን ኮምፒውተር ከፍቼ ጌሙን የሰጠኋቸው።

አባባ ኤመቅ ሳራ የኢንዱስትሪ ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሃያ ስድስት ዓመት መኪና ሲያስጭኑ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። የዕብራይስጡን ጽሑፍ ብዙም አላነበቡትም። "ቁጥሩ ይበቃኛል" አሉ። ነዳጅ፣ ውሃ፣ ሰው፣ የመርከብ ብዛት።

ምሳ ሳቀርብ ሦስተኛው ግዳጅ ላይ ነበሩ። ከሞካሪዎቹ አምስቱ መጀመሪያ የወደቁት እዚያ ነው። አባባ አልወደቁም። ተዋጊ መርከቦቹን ትተው ጫኝ መርከቦቹን አሰለፉ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ "ተዋጊ ነዳጅ ካልደረሰው ቆሞ የቀረ ብረት ነው" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስድስተኛውን አለፉ። ኮራሁ። በእሳቸው ይሁን በጌሙ አላውቅም።

ማክሰኞ

በአባባ ተበሳጨሁ። ከዚያ ተቀምጬ ሳስበው ልክ ናቸው።

ሰባተኛው ግዳጅ እንዲህ ነው፦ ጠላት ከመድረሱ በፊት የአንዲት ፕላኔትን ሕዝብ ታወጣለህ። ስድስት ጫኝ መርከብ ይሰጥሃል። ሦስተኛው ምልልስ ላይ ፕላኔቷ ትያዛለች፣ ያልወጣው ሕዝብ እዚያው ይቀራል። የቱንም ያህል ብትፈጥን ይቀራል፣ ኖአም የጻፈው እንደዚያ ነው። ስምንተኛው ግዳጅ የሚጀምረው ከሐዘኑ ነው።

አባባ ይሄንን አያውቁም። አራት ጊዜ ሞከሩ። ከኩፓት ሆሊም ክሊኒክ በሰጧቸው የቀጠሮ ወረቀት ጀርባ ላይ የምልልስ ዕቅድ አወጡ፦ የትኛዋ መርከብ ቀድማ ትነሳለች፣ የትኛዋ መንገድ ላይ ነዳጅ ትቀበላለች። በአምስተኛው ሙከራ የመጨረሻዋ መርከብ የቀረውን ሰው በሙሉ ጫነች። በቆጣሪው መሠረት ጠላት ሊደርስ ሁለት ተራ ሲቀረው ፕላኔቷ ተያዘች።

"ብርቱካን! ነይ እስቲ። ይሄ ነገር ይሰርቃል።"

"አይሰርቅም አባባ። ታሪኩ ነው።"

"ሁለት ተራ ይቀረኝ ነበር። እዪው።"

"አውቃለሁ። እዚህ ላይ የግድ ይሸነፋሉ። የሚቀጥለው የሚጀምረው ከዚያ ነው።"

ወረቀቱን አጠፉት። "ታዲያ አምስት ጊዜ ለምን አስለፋሽኝ? መጀመሪያውኑ ብትነግሪኝ ቁጭ ብዬ አየው ነበር። የቀረው ሰው ነው እኮ፣ ካርቶን አይደለም።"

ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ። ቴሌቪዥኑ አልበራም።

ኩስ ኩስ እያልኩ ወደ ክፍሌ ገባሁና የሞካሪዎቹን መዝገብ ከፈትኩ። እያንዳንዱ ሙከራ እዚያ አለ። ከስምንቱ ሰባቱ ሰባተኛውን ግዳጅ ደጋግመውታል። አንዷ ዘጠኝ ጊዜ! ከዚያ ወዲያ ያሉትን ግን የደገመ የለም። አንድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እየሮጡ።

የመድገም ፍላጎቱማ ነበራቸው። በሩን የዘጋንባቸው እኛ ነን።

ረቡዕ

ጠዋት ቢሮ። ለኖአም ሁሉንም ነገርኩት። የለውጡ ዝርዝር፦

የሰባተኛው ግዳጅ ሰዓት እውነተኛ ይሁን። ይክበድ፣ ግን ይቻል።

የዳነው ሕዝብ አብሮ ይጓዝ። ውሃ ይጠጣል፣ መርከብም ይጠግናል።

ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ያሉት አራት ግዳጆች ቅደም ተከተል አይኑራቸው። ተጫዋቹ ደስ ያለውን ያስቀድም። አሥራ ሁለተኛው ብቻ መጨረሻ ላይ ይቆይ።

አዲስ ግዳጅ አንሠራም። ያሉት ራሳቸው ይዘህ በመጣኸው ነገር ይለዋወጣሉ።

ኖአም ፊቱ ቀላ። "ሴትዮዋ ነገ እየመጣች ታሪኩን ትገድዪዋለሽ? ያንን የሐዘን ትዕይንት ሦስት ወር ነው የጻፍኩት። ተጫዋቹ ሁሉ ሕዝቡን ካዳነ ማን ሊያየው ነው?"

"የተሸነፈው ያየዋል" አልኩት። "የራሱ ሽንፈት ስለሚሆን ያመዋል። አሁን ሰዎቹ ትዕይንትህን የሚያዩት በእኛ ተናደው ነው።"

ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። በሩን አላጋጨውም፣ ባጋጨው ይሻለኝ ነበር። የድሮውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጬ ሥራዬን ጀመርኩ። ነገ ቢበላሽ ያንኑ እናሳያታለን አልኩ ለራሴ። እጄ ግን እንደማይበላሽ ያውቅ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ኖአም ከዳቦ ቤት ሁለት ቡሬካስ ይዞ ተመለሰ። አንዱን ፊቴ አስቀመጠ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

"ተጫዋቹ አንድም ሰው ሳይቀር ካወጣቸው፣ የመርከቦቹ አዛዥ ምን ይላል?" አለኝ።

"ውሃው አይበቃንም ይላል።"

ሳቀ። ከዚያ እስከ አመሻሹ ቀና አላለም። ሦስት ጊዜ ሞከርነው፣ ሠራ። በአራተኛው ቆመ፣ ምክንያቱን አገኘሁት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘግተን ወጣን።

ሐሙስ

ሴትዮዋ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ጥቂት የምትናገር ናት። ውሃ ብቻ ጠጣች። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ግዳጆች ዘለልንላትና ከሰባተኛው ጀመረች።

አንድ መርከብ ጠፋባት፣ ከሕዝቡ ሲሶው ቀረ። የኖአም ትዕይንት መጣ። እስኪያልቅ አየችው። ኖአም ጥፍሩን ይበላ ነበር።

ከዚያ አራቱ ግዳጆች ተከፈቱላት። ከእነሱ የበረዶዋን ጨረቃ አስቀደመች። እዚያ ስትደርስ የሕዝቡ ቁጥር ከዜሮ በታች አራት አሳየ።

"እነዚህ አራቱ ገና ያልተወለዱ ናቸው?" አለች።

"ስህተት ነው። ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ" አልኳት። ድሮ ቢሆን ማብራሪያ እደረድር ነበር።

አሥረኛው ላይ ነዳጅ አልቆባት ተሸነፈች። ሰዓቷን አየች። አበቃ ብዬ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ፣ "ጨረቃዋን ባላስቀድም ኖሮስ?" አለችና ሰባተኛውን ከመጀመሪያው ከፈተች። ማንም ሳይጠይቃት! ኖአም ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

የምትሳፈርበት ባቡር አመለጣት። ስትወጣ ግን እሺም እምቢም አላለችም። "አስብበታለሁ" ብቻ።

ዓርብ

ከዜሮ በታች የሚሄደው ቁጥር ተስተካከለ። ምክንያቱ አንዲት መስመር ነበረች።

አዲሱን ለአባባ ከፈትኩላቸው። አኩርፈው ነበር፣ ግን ከሰባተኛው ጀመሩ። በሁለተኛው ሙከራ ሕዝቡን በሙሉ አወጡ። ከመቀመጫቸው ትንሽ ከፍ አሉ። ቀጥሎ የሄዱት ነዳጅ ፍለጋ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ውሃ አልቆበት መንገድ ላይ ቀረ።

"አባባ፣ ይሄኛው ደግሞ ይሰርቃል?"

"አይ። ይሄ የኔ ጥፋት ነው። ያን ያህል ሰው ጭኖ ውሃ የማያስቀድም ምን ዓይነት ሰው ነው?" አሉና ከአንደኛው ግዳጅ እንደ አዲስ ጀመሩ። ለሰንበት የሚዘጋጀው የዓርብ ሥራ ሁሉ በእኔ ላይ ወደቀ። ቅር አላለኝም።

ሰንበት ሊገባ ሲል ስልኬ ጮኸ። ሴትዮዋ ናት፣ በጽሑፍ። ስለ ውል የምትለው የለም፣ ስለ ቀጠሮም የምትለው የለም። "ከሰባተኛው ሁሉንም ማውጣት ይቻላል? እንዴት እንደሆነ እንዳትነግሪኝ። ቅጂውን ብቻ ላኪልኝ።"

ለኖአም ደወልኩለት፤ እሺ ማለቷ ይሁን እምቢ እሱም አላወቀም፣ እኔም አላወቅኩም። "ይቻላል" ብዬ ጻፍኩላትና ቅጂውን ላክሁላት።