ጀፎረው ላይ አይሠራም

ሰኞ፣ የካቲት 11
ስብሰባ ለምንድን ነው የማያልቀው? ትናንት የመንደራችን ተወላጆች ማኅበር ኡራኤል አጠገብ ካለ ካፌ ፎቅ ላይ ተሰበሰበ። አጀንዳው አንድ ብቻ... አባባ የተወለደበት መንደር ውስጥ የሚሠራውን አዳራሽ ማጽደቅ። ዲዛይኑ የእኔ ነው። ከተመረቅኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ! ቢሮማ የሚያስስሉኝ ሽንት ቤት ብቻ ነው። ግማሹ ሰዓት ግን በሩ ላይ የማን ስም ይቅደም በሚል ጭቅጭቅ አለቀ።
ለማንኛውም ጸደቀ። ሊቀመንበራችን አጎቴ መሐመድአሚን ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "ኢብሮ፣ በቃ አኮራኸን!" አለኝ። እስከ ካዛንቺስ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 13
የመንደሩ ሽማግሌዎች ሸንጎ እምቢ አለ። እምቢ! ቦታው ጀፎረ ነው አሉ። ጀፎረ... መንደሩን መሃል ለመሃል የሚያቋርጠው ያ ሰፊ ሳር መንገድ። ታዲያ ምን ይሁን? ባዶ አይደል? ለሸንጎው ሰብሳቢ ለሀጂ ኑርጋ ደወልኩ።
"ሀጂ፣ አዳራሹ እኮ ጥጉን ብቻ ነው የሚይዘው።"
"ጥጉን ላንተ ከሰጠን ሌላውን ጥግ ማንን እንከለክላለን?"
"ለሕዝብ ነው እኮ!"
"አጥር የሚገፋም እንደዚያ ነው የሚለው፣ ልጄ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቦታ አለ፤ መጥተህ እይ።"
ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ዳገት ነው። ሁሉም እንደ አዲስ ሊሳል ነው ማለት ነው... ዛፍ ሥር ተቀምጦ እምቢ ማለት ምን ያህል ቀላል ነው!

እሑድ፣ የካቲት 17
ሌላ ስብሰባ። አጎቴ መላ አገኘ፤ ከወረዳ ፈቃድ ያስወጣል። "ሸንጎ ማኅተም አለው እንዴ?" ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ።
አባባ ግን አልሳቀም። ወደ ቤት ስንመለስ፣ "ድንበር የተገፋን፣ ከሚስቱ የተጣላን፣ ቤቱ የተቃጠለበትን... ማን የሚደርስለት ይመስልሃል? ማኅተም?" አለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 21
ጎረቤታችን እትዬ ጀማነሽ አረፉ። የጓደኛዬ የታዲዎስ እናት።
እድሩ ድንኳን ይዞ መጣ። የት ይተከል? ሰርጉም ለቅሶውም ይሆንበት የነበረው የሰፈሩ ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሮ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ሲታጠር ማን ጠየቀን? እኛስ ማንን ጠየቅን? አስፋልቱ ዳር ግማሹን ድንኳን ተከልነው፤ ግማሹ እንደተጠቀለለ ቀረ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ሚኒባሱ ክላክሱን ያንባርቃል፤ ወያላው፣ "ቡልጋሪያ! ቡልጋሪያ!" ይላል። ሽማግሌዎቹ ቆመው ነው ያስተዛዘኑት።
ታዲዎስ ጠጋ ብሎ፣ "አንተ አርክቴክት አይደለህ? በለቅሶ ቀን የሚሰፋ መንገድ ሥራልና፣ ጀለስ" አለኝ። ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም።

ዓርብ፣ የካቲት 22
ያንን አዳራሽ የሳልኩት ከፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ሳርና አንዲት ላም ብቻ... አንድ ቀን እንኳ ቆሜበት አላውቅም። ለሀጂ ኑርጋ ደወልኩ።
"ሀጂ፣ እናንተ ለቅሶ የት ነው የምትቀመጡት?"
"የት ይሆናል? ጀፎረው ላይ ነዋ።"
"ሰርግስ?"
"ልጄ፣ ደህና ነህ?"

እሑድ፣ የካቲት 24
አጎቴ ፈቃዱ ሊወጣ ነው ብሎ አበሰረ። ተነስቼ፣ "ዲዛይኔን ለዚያ ቦታ አልሰጥም" አልኩ።
"አንተ ለማን ነው የምትሠራው? ለእኛ ወይስ ለእነዚያ ሽማግሌዎች?"
"ቤቱ የሚሠራው እነሱ ጋ ነው እኮ፣ አጎቴ።"
ጩኸት ሆነ። እንደተለመደው ሳይወሰን ተበተንን... በቃ! ለአባላቱ በሙሉ በስልክ ይህን ላክሁ፦
"ጀፎረው ይቅር። ቅዳሜ ጠዋት ሸንጎው ያሳየንን ዳገት ለማየት እሄዳለሁ። አባባ አብሮኝ ነው። ስዕሉን እዚያው፣ ከሸንጎው ጋር ተቀምጬ እንደገና እጀምራለሁ። አብሮን የሚሄድ ማን ነው? እባካችሁ መልሱልኝ።"