ማሽኑ የገነባው ግድግዳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጠዋት ፀሐይ ነበር። ጉልበቴ ግን ዝናብ አለ ይላል። የማምነው እሱን ነው።

ልጄ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ መርፌዋን ሰክታ ትጽፋለች። ይህን ደብተር ያስጀመርኳት "አባዬ፣ ረስተህ ነው" የምትለው ነገር ስለሰለቸኝ ነው። የተጻፈ አይረሳም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የተናገርኩትን ግን አውቃለሁ። ጽፋ ስትጨርስ መልሳ ታነብልኛለች። ያላልኩትን ከጨመረች አሰርዛታለሁ።

ለጉልበቴ ክሊኒክ ሄድኩ። የተራ መጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ተሰንጥቋል። ከመስኮቱ ሥር እስከ ወለሉ። ጣቴን ብሰድ ገባ።

"አባባ፣ አይንኩት!" አለች ነርሷ።

ለምን አልነካውም? እኔ ነኝ የገነባሁት፣ የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ስሜ አለ። ሰው በወረቀት ጻፈልኝ፣ ቅርጹን እያየሁ በመሮ ቀረጽኩት። ይህንን ስነግራት ዓይኗን ሰበረች። ምን የምታውቀው ነገር አለ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የክሊኒኩ ኃላፊ አስጠራችኝ። መነጽር ያደረገች፣ ልጅ እግር ሴት። ወንበር አቀረበችልኝ። ሳይጠይቁ ወንበር ከቀረበ ነገር አለ።

ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ፎቶ ዘረጋች። ክሊኒኩ ሊከፈት ሲል የተነሳ ነው። ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ከኋላቸው ግድግዳዬ፣ ገና ሳይለሰን። ፎቶው በአንድ ሰው አሮጌ ካሜራ ውስጥ ነበር አሉ። ፎቶው ራሱ የክብሪት ሳጥን ነው የሚያህለው። ፎቶ ቤቱ በኮምፒውተር አሳደገውና ጥርት ብሎ ወጣ።

"ጡቦቹን አዩዋቸው አባባ?"

አየሁ። መጋጠሚያው በመጋጠሚያ አናት ላይ ወድቋል። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር፣ የመስኮት ፍርግርግ ይመስል።

ትናንት ሥራ የጀመረ እንኳ ይህን አይሠራም። የላይኛው ጡብ የታችኞቹን ሁለት ጡቦች መጋጠሚያ ይረግጣል። ካልረገጠ ግድግዳው አልተያያዘም፤ የቆመ ሰልፍ ነው፣ ሲገፉት ይበተናል።

"መሐንዲሱ ይህን አይቶ ነው የግንበኛው ጥፋት ነው ያለው" አለች። ሪፖርት ይጻፋል። ግድግዳው ይፈርሳል። ድንጋዩም ይነሳል። "ስምዎ ከተበላሸ ሥራ ጋር ከሚቆይ ብለን ነው።" ለኔ አዝና!

"ይህ የኔ ግድግዳ አይደለም" አልኳት።

"አባባ፣ ፎቶ እኮ ነው። ፎቶ አይዋሽም።"

"እኔስ እዋሻለሁ?"

መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። መልሱ ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከዚህ ነገር የሚጠቀመው ማን ነው? ቱምቢ።

ቱምቢ የምለው የድሮ የሥራ ጓደኛዬን ነው። ሲሄድ ቀጥ ብሎ ስለሆነ፣ ግድግዳ በምናቀናበት ክር ስም ጠራነው። ያንን ግድግዳ አብረን ጀመርነው። በመጨረሻው ቀን ተጣላን። በምን? በሲሚንቶ! እሱ "ውሃ በዝቶበታል" አለ፣ እኔ "አልበዛበትም" አልኩ። የግንበኛ ማንኪያውን ባልዲ ውስጥ ወርውሮ ሄደ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከእግዜር ሰላምታ አላለፍንም። አሁን ስድስት ሠራተኛ ያሠራል። ግድግዳው ቢፈርስ የሚሠራው ማን ነው? ፎቶ ቤቱስ የት ነው? ከሱ ቤት ሦስተኛው በር።

"አባዬ፣ ሦስተኛ በር ላይ መኖር ወንጀል ነው እንዴ?" አለች ልጄ።

ይህንንም ጻፊው አልኳት። አባቷን ትታ ከማን ጋር እንደቆመች ይታወቅ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ቱምቢን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰላም አለኝ። ጉልበትህ እንዴት ነው አለኝ። ስለ ጉልበቴ ማን ነገረው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ፎቶ ቤት ሄድን፣ ከልጄ ጋር። ፎቶ አንሺው ፀጉሩን እንደ በግ ያሳደገ ጎልማሳ ነው።

"ማን ከፍሎህ ነው ግድግዳዬን ያበላሸኸው?" አልኩት፣ ገና በር ላይ ሆኜ።

"ኧረ አባባ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ!"

"ቆሜ እሰማለሁ።"

ፎቶውን በኮምፒውተሩ አወጣው። ትንሿ እዚህ፣ ትልቁ እዚያ። በትንሿ ላይ ግድግዳዬ የቀይ ጭቃ ቅባት ነው፤ አንድ ጡብ አይለይም። በትልቁ ላይ ጡቡ ይቆጠራል። ቁልፍ ነክቶ አሳየኝ፤ እንዲህ ስለው አራት እጥፍ ያድጋል፣ ዝርዝሩም አይጠፋም አለ።

"ያልነበረው ዝርዝር እንዴት ነው የማይጠፋው?"

ሳቀ። "ፕሮግራሙ ይሞላዋል አባባ። ብዙ ሚሊዮን ፎቶ አይቶ ተምሯል። ጡብ ምን እንደሚመስል ያውቃል።"

"ሚሊዮን ግድግዳ አይቶ የኔን አላየም።"

ሳቁ ቆመ።

ፊደል አላውቅም፤ ረድፍ ግን እቆጥራለሁ። ከመስኮቱ ሥር እስከ መሠረቱ ቁጠር አልኩት። ቆጠረ። አሥር። እኔ መስኮት ሥር ሁልጊዜ አሥራ ሦስት ረድፍ ነው የምገነባው። አሥር ረድፍ ጡብ ያን ያህል ከፍታ አይሞላም፤ እንጀራ ልጅ እንኳ እንዲህ አይዘረጋም... (ልጄ "ይህ ምሳሌ የለም አባዬ" አለች። አሁን አለ፣ ጻፊ።)

አላመነኝም። እሺ፣ እንሞክረው አልኩ። ከሱቁ ፊት ለፊት መጋዘን አለ፣ በጡብ የተሠራ። ልጄ በስልኳ ከሩቅ አነሳችው። አሳንሰው አልኩት፣ የክብሪት ሳጥን አድርገው። አሳነሰ። አሁን አሳድገው። አሳደገ። አምሮ ወጣ፣ አዲስ ቤት መሰለ። በል ተነስ እንሂድ፣ መንገዱን እንሻገር።

መጋዘኑ በር አጠገብ ግማሽ ጡብ የተወሸቀበት ቀዳዳ አለ። ፎቶው ላይ ሙሉ ጡብ ነው። ከቀዳዳው እስከ መሬት ግድግዳው ላይ ረድፉ አሥራ አራት፣ ፎቶው ላይ አሥራ አንድ። መጋጠሚያውም ፎቶው ላይ ቀጥ ብሎ ወርዷል፣ ግድግዳው ላይ ግን አልወረደም፤ እጁን ይዤ እያንዳንዱን አስነካሁት።

ፀጉሩን ያዘ። "እኔ እኮ... ሰው ፊት ነው የማሳድገው። የሠርግ፣ የልደት። ሁሉም ደስ ብሎት ነው የሚሄደው።"

"ማንም ረድፍ አልቆጠረልህማ።"

የመጋዘኑን ሁለቱንም ፎቶ፣ ልጄ ያነሳችውንና ያደገውን፣ አትሞ ሰጠኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለ። ለምን አልቀበልም አለ? ያፈረ ይመስላል። ይመስላል ነው ያልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ፎቶዎቹን ለኃላፊዋ ዘረጋሁላት። ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ብልህ ናት፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ነው የምትቆጥረው።

"ታዲያ እውነቱን በምን እንወቅ አባባ?"

"ልስኑን ላጡት። ሰው ባለበት። ጥፋት ከተገኘ ድንጋዩን ራሴ እነቅለዋለሁ። በሕይወቴ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ጥዬ አላውቅም።"

ሰኞ ይላጣል። አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ተላጠ።

ኃላፊዋ፣ መሐንዲሱ፣ ነርሷ፣ ተራ ጠባቂ በሽተኞች። ቱምቢም መጣ። ማን ጠራው? የሱ ሠራተኞች ናቸው ልስኑን የሚያራግፉት። ይኸው፣ አላልኩም?

መስኮቱ ሥር አሥራ ሦስት ረድፍ። ጡቡ ሁሉ መጋጠሚያ እየረገጠ ወርዷል። መሐንዲሱ ተንበርክኮ አየ፣ ፎቶውን አየ፣ እንደገና ግድግዳውን አየ። ወለሉን ሲያስቆፍር ውሃ ወጣ። የእጅ መታጠቢያው ቱቦ ከሥር ያንጠባጥባል፤ አፈሩ ሰምጦ ነው ግድግዳውን የሰነጠቀው። "ይቅርታ አባባ" አለኝ፣ በሰው ፊት። አንዲት በሽተኛ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ከዚያ ወደ በሩ ጥግ ዞርኩ። ከስንጥቁ ማዶ፣ ማንም ከማያየው ቦታ። ሦስት ረድፍ... መጋጠሚያ በመጋጠሚያ አናት።

የኔ እጅ ነው። ቱምቢ ማንኪያውን ጥሎ የሄደ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዬን፣ በንዴት ደሜ ፈልቶ። ክር አልዘረጋሁም። ላየው ሰው እዚያ ቦታ ላይ የማሽኑ ፎቶ እውነት ነው። ማሽኑ ገምቶ ነው። እኔ ግን አውቄ ነው የሠራሁት፣ አውቄም ለሰንኩት። እንዴት ረሳሁት? ረስቼዋለሁ ወይስ...

ቀና ስል ቱምቢ እሱኑ ያያል። ሦስቱን ረድፍ አየ፣ እኔን አየ። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ለምን ዝም አለ? ለነገ ሊያስቀምጠው ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ቤቱ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ አካፋ ያጥባል።

"ለምን አልተናገርክም?"

"ምኑን?"

"አታሹፍ። አይተሃል።"

"አየሁ። ግድግዳው ያንተ፣ አፉም ያንተ። እኔ ምን አገባኝ?"

"በኔ ላይ ልትይዘው ነው።"

አካፋውን አስቀመጠ። "አንተ ሰውዬ፣ ሥራውን እኔ ብፈልገው ኖሮ ሰኞ ዕለት ጣቴን መቀሰር ይበቃኝ ነበር። የድሮ ጓደኛዬ ነህ ብዬ ነው የተውኩህ።" አካፋውን መልሶ አነሳና፣ "ሲሚንቶውም ውሃ በዝቶበታል፤ በጥፍሬ ፈተፈትኩት" አለ።

ልሳቅ ብዬ ተውኩት። በዚህ አሥራ ሰባት ዓመት ስለሱ ያወራሁትን አስቤ ነው የተውኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ለኃላፊዋ ነገርኳት። በሩ ጥግ ድረስ ወስጄ አሳየኋት።

"አባባ፣ ግድግዳው በዚህ አልተሰነጠቀም እኮ። ሪፖርቱም ተጽፏል። ማንም አይጠይቅዎትም።"

"ጥፋት ከተገኘ ብዬ ነበር። ተገኘ።"

ድንጋዩን ልንቀል መሮዬን ይዤ ነበር የሄድኩት። እሷ ቱቦው እስኪጠገን ታገሱ አለች። ለወለሉ ጥገና የመጣው ቱምቢ ደግሞ ከኋላዬ ቆሞ "ድንጋይ መንቀልማ ማንም ይነቅላል። ወንድ ከሆንክ ሦስቱን ረድፍ አስተካክል" አለኝ። ሰደበኝ ወይስ ሥራ ሰጠኝ? እስካሁን አላወቅኩም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ሥራ ላይ ዋልኩ። ጡብ የሚያቀብለኝ ቱምቢ ነው፤ ሠራተኞቹን ገለል በሉ አላቸው። ሲሚንቶውን እሱ አቦካ፣ እኔ አፌን ዘጋሁ። ዛሬ ክር ዘርግተናል።

ጠዋት፣ ገና ሦስቱን ረድፍ ሳላፈርስ፣ ኃላፊዋ ስልኳን ይዛ መጥታ ነበር። "ሠርተው ሲጨርሱ አንድ ፎቶ ላንሳዎት አባባ?"

"አሁን አንሺው" አልኳት። "ጥፋቱን፣ ሳይፈርስ።"

ከበሩ ላይ ሆና ስልኳን አነሳች።

"ከዚያ አይደለም። ቅረቢ።"

አንድ እርምጃ መጣች።

"ቅረቢ ልጄ። ገና ቅረቢ... ማሽን የሚሞላው ነገር እንዳይቀረው።"

ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለች። ጣቴን መጋጠሚያው ላይ አደረግኩላት፤ የቱን እንደምታነሳ እንዳትሳሳት። ጣቴም አብሮ ይውጣ አልኳት።