የመጋረጃዬ ነገር

ውድ ልጄ፣

የእናትሽ ምርቃት ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስሽ። አዲስ ሥራ መግባትሽን ስሰማ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ጎረቤቱን ሁሉ አዳረስኩ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃው ላይ ይለግማል።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የነበረችው ጡረተኛዋ አስተማሪ አረፈች፣ ነፍሷን ይማር። ያወቀው የሕንፃችን ዘበኛ ነው። እኔ ከሥሯ ተኝቼ ኮቴዋ መጥፋቱን እንኳ ልብ አላልኩም። እሱ ግን መጋረጃዋ እስከ ረፋድ ሳይገለጥ ሲያይ ወጥቶ አንኳኳ። ከዚያ ወዲህ ስነሳ መጀመሪያ የምገልጠው መጋረጃዬን ነው፤ እሱም ከታች እጁን ያነሳልኛል። አንድ ቀን እንቅልፍ ቢጥለኝ በሬን ደበደበው።

"እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ እርስዎ ሊያስደነግጡኝ ነው?"

"አለሁ፣ አትቅበረኝ!" አልኩትና ሳቅን። በሩን ስዘጋ ግን አለቀስኩ።

አሁን የሕንፃችን ማኅበር ወርሃዊ መዋጮው ይቀነስ፣ ዘበኛውም ይሰናበት በሚለው ላይ የባለቤቶችን ድምፅ እየሰበሰበ ነው። ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ "አሳንሰሩ አይሠራ፣ የደረጃው መብራት አይበራ፣ የምንከፍለው ለምንድነው?" ይላል። አልዋሸም። አንቺም በስልክ ይህንኑ ብለሽኛል። ስለ አሳንሰሩ አልከራከርሽም፤ ግን እኔ በዚያ መዋጮ ያገኘሁት ጠዋት ጠዋት ቀና ብሎ የሚያየኝ ሰው ነው።

ቤቱ በስምሽ ስለሆነ የሚጠይቁት አንቺን ነው። እባክሽ ልጄ፣ እንቢ በይልኝ።

የያዝሽው ይባረክልሽ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ። አንቺንም ባለሽበት መጋረጃሽን የሚያይልሽ ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ