የሰርግ ሳህን፣ የእኔ ዱቄትና የታምሩ እጅ

ሰኞ
አልሠራም። የሳህን ማጠቢያ ማሽኑን ስከፍተው ሳህኖቹ ዱቄት የተነፋባቸው መስለዋል። ዳር ዳሩ ላይ ቅባቱ እንዳለ ነው። ቤኪንግ ሶዳና ጨው ነው የጨመርኩት። ስልክ ላይ ያየኋት ሴትዮ "ያብረቀርቃል" ብላ ነበር!

የማሽኑ ሳሙና ካለቀ ሰነበተ። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ሱፐርማርኬት ገብቼ ዋጋውን ሳይ ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ባሌ ታምሩ የሚሠራበት ግንባታ ከቆመ ወዲህ የምናድረው እኔ በማከራየው የሰርግ ዕቃ ነው። ቅዳሜ የእትዬ ብዙነሽ ልጅ ታገባለች፤ ዕቃውን የሚከራዩት ከእኔ ነው። ሳህኖቹ ካለፈው ሰርግ እንደተመለሱ ቁጭ ብለዋል። በእጄ እንዳላጥብ ጣቶቼ ተሰነጣጥቀዋል፤ ሐኪሙ ውሃና ሳሙና ከልክሎኛል። እህቴ ከዱባይ ስትመለስ ማሽኑን ያመጣችልኝም ለዚህ ነው።

ጌታ ሆይ፣ ምን ይሻለኛል?

ማክሰኞ
ጉድ ሆንኩ። ቅባቱ አልለቅ ሲለኝ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አደረግሁበት። እሺ፣ ከጠብ በለጥ ይላል። ማሽኑ አረፋ ይተፋ ጀመር። አረፋው በበሩ ሥር አልፎ ደረጃውን ወረደ። ጨው በተንኩ፣ አቼቶ ደፋሁ፣ በብርድ ልብስ ገደብኩ።

ከታች የሚኖሩት እትዬ አስቴር እየጮኹ መጡ። "አንቺ ልጅ፣ በሬን ወንዝ አደረግሽው እኮ!" ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። እጄን ሲያዩ ድምፃቸውን ቀነሱ። ከዚያ እንዶድ እንድሞክር መከሩኝ። ዓሣ የሚገድል ነገር ሰው በሚበላበት ሳህን ላይ? እሺ ብዬ ሸኘኋቸው።

ታምሩን እባክህ እጠብልኝ ስለው፣ "ወንድ ልጅ የሰርግ ሳህን ሲያጥብ ሰው ምን ይላል?" አለና ወጣ።

ሐሙስ
ትናንት እስክሪብቶ መያዝ አልቻልኩም።

ዛሬ ሎሚ ጨመቅሁበት። ብርጭቆዎቹ ጠሩ! ብቻዬን ሳቅሁ። ሳህኖቹን ስከት ውሃ ጠፋ፤ ማሽኑ መሀል ላይ ቀጥ አለ። እትዬ ብዙነሽ በዚያው ሰዓት ደወሉ። ነገ ከሰዓት መኪና ይልካሉ። "ዕቃው ዝግጁ ነው አይደል ልጄ?" ዝግጁ ነው አልኩ።

በባልዲ የቀረውን ውሃ ይዤ በእጄ ጀመርኩ። ወዲያው ነጩ ሳህን ላይ ደም አየሁ። ታምሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሱም አየ።

ዓርብ
ጠዋት ስነሳ ታምሩ የለም። ጥሎኝ ሄደ ብዬ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው። ለካ ለቡ ሰፈር ድረስ ሄዶ በጄሪካን ውሃ ቀድቷል። ሱሪውን ሰብስቦ፣ ሳፋ ደቅኖ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ግቢ መሀል ተቀመጠ። የግንባታ ጓደኛው አይቶት፣ "ታሜ፣ ሥራ ቀየርክ እንዴ?" አለው። "አዎ" አለ፣ ቀና ሳይል።

እኔን ሳፋው ጋ አላስደርስም አለ። በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ብቻ ተፈቀደልኝ። የኔን የሶዳና የጨው ዱቄት በስፖንጅ ሲፈትግበት የተጋገረው ወጥ ለቀቀ። "በእጅ ሲሆን ይሠራል" አለኝ። መኪናው ሲመጣ የመጨረሻዎቹን እያደረቅሁ ነበር።

ቅዳሜ
ሰርጉ ላይ ጥግ ይዤ ሳህን ሳይ ዋልኩ። አንድ ሽማግሌ ሳህናቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት፣ በሶፍት ጠረጉት። ሶፍቱን ጥለው ሩዝ አነሱበት። እትዬ ብዙነሽም ስንሰናበት ሳሙኝ።

አሁን ሳህኖቹ ቅባት ይዘው ተመልሰው ኮሪደሩን ሞልተውታል። ውሃ ገና አልመጣም። ታምሩ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋ ላይ ተኝቷል፤ ጣቶቹ ተጨማድደዋል። ነገም ያጥብልኝ ይሆን? ልቀስቅሰውና ልጠይቀው አልኩና ተውኩት።