የኤልናታን ሲጋሮች ማደሪያ

ነሐሴ 9
ጠዋት ዝናብ። ልብስ ማጠብ አልተቻለም። ምስር ለቀምኩ። ሀሴት ሕፃኑ ሲራገጥ አደረ አለች... ምራቴ ዛሬ ፊቷ ደህና ነው። ተመስገን።

ከሰዓት ሔኖክ መጣ። ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል፣ ከልጄ ከኤልናታን ጋር አንድ ባር ላይ ይሠራ የነበረው። ልጄን ከወሰደብኝ ከግንቦቱ የመኪና አደጋ ወዲህ ይደውላል እንጂ ቤት አልመጣም ነበር። የኤልናታንን ሎከር ባዶ አድርጉ ስለተባሉ ዕቃውን ይዞ ነው። ጫማ፣ ጥቁር ሰደርያ፣ አንድ የካርቶን ሳጥን። ሳጥኑ ውስጥ አሥር ወፋፍራም ሲጋር።

«ያጨስ ነበር እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም እማማ! የሆቴሉ እንግዳ ነው የሰጠው። ሚስቴ አርግዛለች ብሎ ሲነግረው... ልጄ ሲወለድ ሐይቁ ዳር ወስጄ አንድ አንድ አስይዛችኋለሁ ይለን ነበር።»

«እንግዲያው ውሰዱና ተካፈሉት።»

«ልጁ ገና አልተወለደማ።»

ሳጥኑን ከደንኩት። እኔ ጋ ይቆይ አልኩት። የጸሎት ሕብረት የሚደረግበት ቤት ውስጥ ሲጋር... ምን ነካኝ?

ነሐሴ 12
ፀሐይ ወጣች። ሳጥኑን ከፈትኩ።

ሽታው የልጄ የማታ ሸሚዝ ሽታ ነው። ከሥራ ሲመጣ በር ላይ የሚያወልቀው፣ እንግዶቹ አጭሰው አጭሰው ጢስ ጢስ የሚያሰኙት። ከለቅሶው በኋላ ዘመዶች ሸሚዞቹን ሁሉ አጥበው፣ ተኩሰው አስቀመጡልኝ። ደግ ሠራን ብለው። ሸሚዞቹ ላይ የሱ ሽታ አልቀረም። ለካ እዚህ ነው ያለው።

ግን ሲነኩ ለስለስ ይላሉ። ሊሻግቱ ነው ብዬ ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ከምስሩ አጠገብ አሰጣኋቸው። በርበሬ አስቀምጬ አውቃለሁ፣ እህል አውቃለሁ። ይሄስ ቅጠል አይደል?

ነሐሴ 13
ዛሬም አሰጣሁ። ሔኖክ ሀሴትን ሊጠይቅ መጥቶ ግቢው መሃል ደርቆ ቀረ።

«እማማ! ምን አደረጉ?»

ሰፌዱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ጥላ ውስጥ ገባ። አንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል። ሌሎቹ ሲነኩ ይንኮሻኮሻሉ።

«በርበሬ እኮ አይደለም! ይሄ እርጥበት ይፈልጋል።»

«እርጥበት? እንዲሻግት?»

«ሳይሻግት።»

እንዴት ነው ሳይሻግት? ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ሳስቀምጥ ከእርጥበት ነው የሸሸሁት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለሲጋር የማለቅስ ሴት ሆንኩ። ሔኖክ ደነገጠ። «ይድናሉ እማማ፣ ቀስ ተብሎ ነው እንጂ ይድናሉ» አለኝ። የተሰነጠቀው ግን አይድንም።

ነሐሴ 20
የት ላስቀምጥ?

ፍሪጅ ውስጥ ላድርግ አልኩ። ሔኖክ በስልክ ሳቀብኝ። ፍሪጅ ጭራሽ ያደርቃል፣ ከዚያ ደግሞ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላሉ አለ። እንደ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ብጠቀልላቸውስ? «ይቦካልዎታል!» እሱም እውነት።

አናጢው ደሳለኝ ጋ ሄድኩ። የጽድ ሳጥን አሳየኝ። ያምራል። ግን ክዳኑ ክፍተት አለው፣ የእንጨቱ ሽታም ራስ ያዞራል። የልጄን ሽታ ሊሸፍንብኝ? ተውኩት።

«ለጌጥ ነው?» አለኝ።

«ለአደራ።»

«ለአደራማ ቁልፍ ልግጠምበት!»

ሳቄ መጣ። ስወጣ መንገድ ላይ ገረመኝ... ሳቅሁ እኮ።

ነሐሴ 24
ፒያሳ፣ ጠሀ ሱቅ። የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው።

«ለምን ሊሆን ነው እናቴ? ለዳቦ?»

«ለ... ቅጠል።»

«ለጎመን? ጎመን ምን መክደኛ ያስፈልገዋል?»

«አየር የማያስገባ ስጠኝ ብቻ። ሽታ የሌለው።»

ሁሉንም እየከፈትኩ አሸተትኩ። ሰው ያየኛል። ጠሀ ጥሩ ነው የሚለውን ውኃ ሞልተን ገለበጥነው። ሱሪው ላይ ፈሰሰ። «እናቴ፣ ሱሪዬን ነው እንዴ የሚፈትኑት?» አለ። ሁለተኛው፣ በአራቱም ጎን የሚቆለፈው፣ ጠብ አላለም። እሱን ገዛሁ። ከሱቁ ስወጣ «ጎመኑ ሲደርስ ይጥሩኝ!» ብሎ ጮኸ።

ነሐሴ 26
ሔኖክ መጥቶ አሳየኝ። ዕቃው በሙቅ ውኃ ብቻ ይታጠባል፣ ሳሙና የለም። በደንብ ይደርቃል። የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ውስጥ ጨው ይሞላል፣ ጥቂት ጠብታ ውኃ... ጭቃ እንዲመስል ነው እንጂ እንዲሟሟ አይደለም። ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ሲጋሮቹን ሳይነካ። ከዚያ መክደን። በሳምንት አንዴ ከፍቶ ማናፈስ። እርጥበት ሲበዛ ጨው ይስባል፣ ሲያንስ ይመልሳል አለኝ። ያው ጨው? ያው ጨው።

ሙቀት ካገኛቸው ይነቅዛሉ አለ። እንደ በቆሎ! ነቀዝንስ አውቀዋለሁ። አልጋዬ ሥር ሲሚንቶው ላይ አደረግኩት። ከቤቱ ሁሉ የሚቀዘቅዘው እዚያ ነው።

የተሰነጠቀውንም አብሬ ከተትኩት። መለየት አስጠላኝ።

መስከረም 6
ከፈትኩ። ገና ደረቅ ናቸው። ሽታው አለ። ከደንኩ።

መስከረም 20
ሕብረቱ እኛ ቤት ነበር። ጸሎት ካለቀ በኋላ ጎረቤቴ ፅጌ ወደ ኋላ ቀረች። አፍንጫዋን ምንም አያመልጠውም...

«እህቴ፣ መኝታ ቤትሽ ምን ይሸታል?»

መዋሸት አልቻልኩም። ዕቃውን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ከፈትኩላት። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ ዕቃው ውስጥ አየች።

«እና ማን ሊያጨሰው ነው?»

«ጓደኞቹ።»

«ጌታ ይቅር ይበልሽ!» አለች። ተነሣች። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። «ይሄ ጨው... ቀለጥ ብሏል፤ ውኃ አብዝተሽበታል።»

እውነቷን ነበር። ጨው ጨመርኩ።

ጥቅምት 8
ዳኑ! ሔኖክ አንድ በአንድ በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ አያቸው። ሲጫኑ እሺ ይላሉ፣ ሲለቀቁ ይመለሳሉ። እንደ እንጀራ... አይ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ።

«እማማ፣ ከኛ ባር ይሻላል አያያዝዎ! እንዲህ ከያዟቸው ዓመታት ይቆያሉ።»

«ዓመታት?»

«አሥርም ሃያም። እንዲያውም እየጣፈጡ ይሄዳሉ ይባላል።»

ማታ እራት አልበላ አለኝ። ሃያ ዓመት... ከእኔ በኋላም ይቆያሉ ማለት ነው። በየሳምንቱ ብከፍተው፣ በየሳምንቱ ልጄ ከሥራ ገባ ማለት ነው።

ጥቅምት 21
ሔኖክን ሻገቱ ብዬ ብነግረውስ? ያምነኛል። ጀማሪ ነኝ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣሁ ሰው ነኝ። ማን ይጠራጠረኛል?

ሰጥቼ ስጨርስ ምን ይቀረኛል?

ጥቅምት 23
ሀሴት ከአልጋው ሥር ዕቃውን ስጎትት አየችኝ። ዛሬ ለማናፈስ ቀኑ አልነበረም። እግሯ አብጧል፣ እንደምንም ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ሊሰጧቸው አልፈለጉም አይደል?»

ክዳኑን ጫን አድርጌ ቆለፍኩ።

«እሱ እኮ ማስቀመጥ የሚባል አያውቅም ነበር። ደመወዙን ያውቁ የለ? ሃያ ዓመት የተቀመጠ ሲጋር ቢያይ... ምን ይል ነበር?»

«‹እማዬ፣ ሙዚየም ከፈትሽ እንዴ?› ይለኝ ነበር።»

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ እያለቀሰች። ሆዷ ሲንቀሳቀስ ቀሚሷ ላይ ይታያል። እጄን አደረግኩበት። ኃይለኛ ነው።

ኅዳር 11
ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው። ግንባሯ የሱ።

ኅዳር 12
ሄራን አልናት። ሀሴት ናት ያወጣችላት። ፅጌ ገንፎ ይዛ መጣች። ሕፃኗን ከመሳሟ በፊት ጆሮዬ ላይ «ጨውን አየሽው?» አለችኝ።

ለሔኖክ ደወልኩ። «ጓደኞቹን ሰብስብ» አልኩት።

ኅዳር 20
ሀሴትና ሕፃኗ ቤት ቀሩ። ዕቃውን ጭኔ ላይ አድርጌ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ሄድኩ። ሹፌሩ «ምሳ ነው እናቴ?» አለኝ። «የልጅ ልጅ ተወልዶልኝ ነው» አልኩት። መልሱ አልገጠመም፤ ግን እንኳን ደስ ያለዎት አለኝ።

ሔኖክና ጓደኞቹ ከሥራ ወጥተው ጠበቁኝ። ጥቁር ሰደርያቸውን እንደለበሱ። በእጄ አደልኳቸው፣ ለእያንዳንዱ። ሲቀበሉኝ በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው። ሮቢ የሚባለው አጭሶ አያውቅም መሰለኝ፣ ገና ሲያቀጣጥለው አስሎ አስሎ ዓይኑ ቀላ። «ኤልናታን ይስቅብሃል!» አሉት። ስሙን እንዲህ በጨዋታ መሃል ሲጠሩት... ከግንቦት ወዲህ አልሰማሁም። በሹክሹክታ ነበር የሚጠሩት።

ጢሱ ወደ እኔ መጣ። ልሸሽ አልቻልኩም፣ አልፈለግኩምም። ሔኖክ የሱን ሲጨርስ «እማማ፣ ትንሽ እንኳን አልደረቀም» አለኝ። ኩራት ተሰማኝ። ምን ላድርግ፣ ተሰማኝ።

ቤት ስገባ ሀሴት ሄራንን ሰጠችኝ። ከዚያ ልብሴን አሸተተች። ሽታውን አወቀችው። ቀሚሴን ማታውኑ ልታጥብልኝ ፈለገች፣ እስከ ነገ ይቆይ አልኳት። ነገ አጥበዋለሁ። ራሴ።

ዕቃውን አጥቤ ገለበጥኩት። ለሄራን ኮፍያና ካልሲ ማስቀመጫ ይሆናል።

የተሰነጠቀውን ለማንም አልሰጠሁም። በክር አስሬ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ የልጄ ሸሚዞች መሃል አስገባሁት። እሱ ጨው አይፈልግም፣ መጠበቅ አይፈልግም። እንዳለ ይደር።